የረቡዕ እንጨት

«ተንቀሳቀስ!» አለ ሻምበል ወንዳፈረው ድምፁን ከሹክሹክታ ሳያወጣ። ሠላሳ ሚሊሺያ በአንድ መስመር ተከትሎት ጨለማው ውስጥ ገባ።

ጨለማ ስላችሁ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የሐምሌ ጨለማ ነው። ከሞርሲቶ በላይ ያለውን ጫካ በክረምት ማታ ያላየ ሰው ጨለማ አየሁ ብሎ አያውራ። ጨረቃ የለች፣ ኮከብ የለ፤ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ውጦታል። ሰዓቱ ገና ከምሽቱ ሁለት ቢሆንም ሰው የገዛ እጁን አፍንጫው ድረስ ቢያመጣት አያያትም። ታዲያ ከሠላሳው አንድም ሰው አልተደናቀፈም፤ አንድም ሰው ወደ ኋላ አልቀረም። ባትሪ አልበራም፣ ክብሪት አልተጫረም። እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ጓዱ ማጅራት ላይ የተሰፋችውን አውራ ጣት የምታህል ብርሃን እያየ ይራመዳል። አረንጓዴ ነገር ናት፤ አትሞቅ፣ አትጨስ፣ ነፋስ አያጠፋት፣ ዝናብ አያጠፋት።

«ጓድ መምህር፣ ዞር ብለህ እያቸው እስቲ!» አለ ሻምበሉ። «እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው ይመጣሉ እኮ!»

መምህር ሳህሉ ዞር ብሎ አየ፤ ልቡ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። የዱራሜ ልጅ ነው፤ ሆሳዕና ባዮሎጂ ያስተምራል። ስምንት ዓመት ሙሉ የእንቁራሪት ልብ በጠመኔ ሲስል ኖሯል፤ በትምህርት ቤቱ ያለችው አንዲት ማይክሮስኮፕም መስታወቷ የተሰነጠቀ ነው። ዛሬ ግን የሱ ነገር፣ የሱ የገዛ ሐሳቡ፣ ሠላሳ ጠመንጃ አሰልፎ ጫካ ያቋርጣል! ሙከራው ከሠመረ ሪፖርቱ በማግሥቱ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሳህሉም አብሮ ሄዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይቀመጣል። ሻምበሉ ይህን በወንድ ቃሉ ነግሮታል።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ቆብ ነው። ክረምት ሲገባ ሳህሉና ሚስቱ ገነቴ የአንድ ዓመት ልጃቸውን ዓለሚቱን ይዘው ሞርሲቶ፣ ከእናቷ ቤት ማዶ በተከራዩት ጎጆ፣ ይከርማሉ። በሰኔ፣ አንድ ረቡዕ ማታ፣ ኩራዙን እፍ ብሎ ሲያጠፋ የልጁ የሱፍ ቆብ አበራ። ወይ ጉድ! ከአልጋው ዘሎ ወረደና ቆቡን ገለበጠው፤ የበሰበሰ የዋንዛ ስንጣሪ ተሰክቶበታል።

«ከየት መጣ?» ቢላት፣

«እንጨት ስንለቅም የገባ ይሆናላ። ተኛ አሁን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሱ መች ይተኛል! በማግሥቱ ጫካ ገብቶ የወደቀ ግንድ ሲፈነቅል ዋለ። ብርሃኑ የእንጨቱ እንዳልሆነ፣ በብስባሹ ውስጥ የሚኖር የእንጉዳይ ዘር እንደሆነ አወቀ። ከዚያ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ስለ ምን እንደሚጽፍ ለገነቴ ሳይነግራት ብዕሩን አንሥቶ ለአውራጃው አምስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። በማታ ጉዞ ሰው ከሰው እንዳይጠፋፋ፣ ካርታ ያለ መብራት እንዲነበብ፣ ፈንጂ የተጠረገበት መንገድ ዳርና ዳር እንዲታይ፣ ምኑ ቅጡ! በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች እንዲህ ያለ እንጨት ቆባቸው ላይ ይሰኩ ነበር መባሉን፣ ጃፓኖችም የደረቀ የባሕር ነፍሳት መዳፋቸው ላይ አርሰው በብርሃኑ ካርታ ያነቡ እንደነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሰማውን ሁሉ አሰፈረ። ሻምበል ወንዳፈረውም በሦስተኛው ሳምንት በዋዝ መኪና ከተፍ አለ። ጉዳዩ ምስጢር ስለሆነ ሳህሉ ለሚስቱ የነገራት «ዛሬ ሆሳዕና ስብሰባ አለብኝ፤ እዚያው አድራለሁ» ብሎ ብቻ ነበር።

ከአንድ ጅረት ዳር ለመተንፈስ ቆም ሲሉ ሻምበሉ ወደ ሳህሉ ተጠጋ።

«ደብዳቤህን ሳነብ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? ምጽዋ። ባሕሩ በበጋ ማታ ሲነካ ያበራል። አንድ ማታ ጀልባ መጣች፣ ሞተሯን አጥፍታ፣ በመቅዘፊያ ብቻ፣ ኮሽታ የላት። ባሕሩ ራሱ ከጎንና ከጎኗ በርቶ አጋለጣት። አነጣጥረን ተኮስን፤ ሰመጠች።»

«ታዲያ ጓድ ሻምበል፣ የተፈጥሮ ብርሃን ያኔውኑ ጠቅሞዎታላ!»

«እንዴታ» አለ ሻምበሉ። ሌላ ነገር ሊጨምር ፈልጎ የተወ ይመስል ነበር። ደረቱ ላይ ያንጠለጠላትን ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ አውልቆ ለሳህሉ ሰጠው። «እኔ ዘንድ ካለች ትፈትነኛለች። አንተ ያዛት፤ የሞት የሽረት ካልሆነ እንዳትበራ።»

ጅረቱን ተሻግረው ጥቂት እንደ ወጡ ሻምበሉ በድንገት ቆመ። ሳህሉ ጀርባው ላይ ተለጠፈ።

«አስር አለቃ ጠናን ጥራው» አለ ሻምበሉ። «ማነው ጓድ ከመስመር አስወጥቶ ወደ ታች የላከው?»

ከበታቻቸው፣ ከቁልቁለቱ ላይ፣ ሌላ የብርሃን መስመር ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ አንድ። አረንጓዴ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ፣ በሥርዓት ተራርቀው የሚራመዱ።

ጠና የዚያው የሞርሲቶ ልጅ ነው፤ በማታ ትምህርት ሳህሉ ፊደል ያስቆጠረው። ሰዎቹን ትከሻቸውን እየዳሰሰ ቆጥሮ ተመለሰ። «ጓድ ሻምበል፣ ሠላሳውም አለን።»

«እና እነዚያ ምንድን ናቸው?»

ጠና የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ።

«ገባኝ» አለ ሻምበሉ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ምስጢሩን ቀድሞን የሰማ አለ። ፀረ አብዮተኛ ነው እንጂ በዚህ ጨለማ ተሰልፎ የሚሄድ ማን አለ? በሉ ያው የኛው ሙከራ ይሄውላችሁ! ተከተሏቸው። ኮሽታ እንዳልሰማ። አቀባብሉ።»

የሲሞኖቭ ጠመንጃዎቹ ድምፅ በመስመሩ ሁሉ ቀጭ ቀጭ እያለ ወረደ። የሳህሉም ደም ሞቀ። እንዲህ ያለ ዕድል! ብርሃኑ በመጀመሪያ ቀኑ ጠላት ያስይዝ? ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዐይኑን ከዚያ መስመር ላይ አልነቀለም፤ ሲጠጉም እያንዳንዱን ብርሃን ለየው። ዐሥሩ ተራምደው ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ ግን ከሌሎቹ ከፍ ብላ ትዘላለች። ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ደግሞ እመር ትላለች።

የታዘለ ልጅ ራስ ነው እንዲህ የሚያደርግ።

ሳህሉ ቀኑን አሰበ። ዛሬ ረቡዕ ነው። የዚያች ቆብ ማታም ረቡዕ ነበር። ገነቴ ትሄድበት የነበረውን የጴንጤዎች ጸሎት ቤት መንግሥት ካሸገው ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚያው ሰሞን «ተውኩት» ብላው ነበር። በየረቡዑ ግን «እናቴ ዘንድ እንሰት ፍቂያ አለብን» እያለች ትወጣለች፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ከምሽት በኋላ ምን ይፋቃል ብሎ አልጠየቀም። አይ ሳህሉ! ልብ ካላየ ዐይን አያይም ማለት ይኸው ነው። አምስት ገጽ ሙሉ «የኔ ግኝት» እያለ የጻፈው የሚስቱን መንገድ ነበር። ያለ ኩራዝ፣ ያለ ድምፅ፣ የቀበሌ ጠባቂ እንዳያያቸው አንዱ የአንዱን ጀርባ እያየ ወደ ጸሎት የሚሄዱበትን መንገድ ለጦር አሳልፎ ሰጠ። አሁን ሠላሳ የተቀባበለ ጠመንጃ የገዛ ልጁን ቆብ ይከተላል።

ጌታዬ ሆይ፣ አለ በልቡ። ከሃያ ዓመት ወዲህ ይህን ቃል ተጠቅሞ አያውቅም።

አሥራ አንዱ ብርሃን ወደ ቀኝ ታጠፈና የእንሰት ተክል ውስጥ ገባ። ሳህሉ ቦታውን ሳያይ አወቀው፤ የአማቱ የእማማ እታለም ጓሮ ነው። ሻምበሉ ወደፊት ተራመደ። ሠላሳው ግን ከተክሉ ጫፍ ላይ ቀጥ አለ፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም እግሩን አላነሣም።

«ምን ሆናችኋል?»

«ጓድ ሻምበል» አለ ጠና፣ «እዚህ ወንድ አይገባም።»

«ምን?»

«የሴቶች መፋቂያ ነው። እንሰቱ ዛሬ ተፍቋል፣ የቆጮው ጉድጓድም አልተከደነም። ጉድጓድ ሳይከደን ወንድ መጠጋት በኛ አገር ነውር ነው። እናቶቻችን ይረግሙናል።»

«በቆጮ የቆመ ጦር!» አለ ሻምበሉ፤ ከንዴቱ የተነሣ ሹክሹክታውን ረሳው። «ነገ ሰሜን ስትዘምቱም የሴት ጓሮ ነው ብላችሁ ልትቆሙ ነው?»

«ይቅርታ ጓድ ሻምበል» አለ ጠና። ግን አልተንቀሳቀሰም። ሳህሉ የዚያን ልጅ ድምፅ ያውቀዋል፤ ፊደል ጠፍቶት ሳይሆን ላለመመለስ ሲፈልግ እንዲህ ነበር የሚናገረው። እንግዲህ ስንቱ ነው የሚያውቀው? ከሁሉ የማያውቅ ባል እሱ ብቻ ኖሯል ማለት ነው።

በዚህ መሐል ከእንሰቱ ውስጥ ሕፃን ሳለ። ደረቅ፣ አጭር ሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ሳህሉን እንቅልፍ የነሣው ሳል።

ሻምበሉ ሽጉጡን መዘዘ። «ማነህ! ከዚያ ውጣ! እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ካልወጣችሁ ይተኮሳል። አንድ!»

የሳህሉ እጅ ባትሪዋን አገኛት።

የሰው ዐይን ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል። ደማቅ ብርሃን ያየ እንደሆነ ግን የለመደውን በአንድ ቅጽበት ይረሳል። ይህን ሳህሉ ዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ ያስተምረዋል፤ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ፈተና ላይ ይስቱታል። ከደብዳቤውም የጎደለው ይኸው ነበር። የረሳው መስሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግኝቱን እንዳያበላሽበት የተወው ነው።

«ሁለት!»

ሳህሉ ግራ ዐይኑን ጨፈነ። ከሻምበሉ ቀድሞ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ፊቱን ወደ ጦሩ፣ ጀርባውን ወደ እንሰቱ አዞረና ጮኸ፦ «ጓድ ሻምበል! ላብራልዎት!»

ባለ ሦስት ድንጋይዋ ባትሪ የሻምበሉን ሁለት ዐይን አገኘች። ከዚያ በሠላሳው ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር ዞረች፤ ሰዎቹ ሁሉ ክንዳቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። ከዚያም ከእጁ አመለጠች፣ ወይም አመለጠች አለ። መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ክዳኗ ተፈታ፣ ድንጋዮቿ ተበተኑ፣ ጠፋች።

«ብርሃኑ ሞተ!» አለ ከመስመሩ አንዱ።

«የኔም ሞቷል! ከፊቴ ያለው የለም!»

«ማነህ የረገጥከኝ?»

«አትተኩሱ! እርስ በርስ ትፋጃላችሁ!» ሻምበሉ ነው። «ቁሙ! ማንም እንዳይ…» ከዚያ ጭቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የክቡር መኮንን አፍ የማያወጣው ስድብ። ሻምበል ወንዳፈረው በአንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ቆጮ ጉድጓድ ገብቷል።

ሠላሳው ሰው የዕውር ድንብሩን ሲዳበስ የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሳህሉ ቀኙን ጨፍኖ ግራውን ከፈተ። የጠበቀው ዐይን ጨለማውን አልረሳም። ባትሪዋ ወደ እንሰቱ አልዞረችም ነበርና ምእመናኑም መንገዳቸው አልጠፋባቸውም። ከጎጆው ጀርባ አንድ በአንድ ወጥተው ሽቅብ ወደ ጫካው ሲሄዱ ቆጠራቸው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። አሥራ አንደኛዋ ዘግይታ ወጣች፤ እየዘለለች፣ እየተንገዳገደች፣ ከሁሉ ፈጥና። ሂጂ የኔ ዓለም፣ ሂጂ፣ ሂጂ! ጫካው ዋጣት።

ወዲያው የጎጆው በር ተከፈተና ኩራዝ የያዙ አሮጊት ብቅ አሉ፤ እማማ እታለም።

«ወንድ!» አሉ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው። «በጉድጓዴ ውስጥ ወንድ! ወይኔ ጉዴ! አንተ፣ እናት የለህም? የስድስት ወር ምግቤ ነው የቆምክበት!»

«እማማ፣ እኔ የመንግሥት…»

«መንግሥት ቆጮ ውስጥ ምን ይሠራል?» ኩራዙን ከፍ አድርገው ሳህሉን ሲያዩት ዐይናቸው አንድ አፍታ ቆመ። አማቻቸው መሆኑን በፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተናገረም። «ይኼስ መነጽራሙ? የተማረ ይመስላል፤ ምነው ነውሩን አልነገረህም?»

«መብራት አይተን ነው እማማ» አለ ሻምበሉ እግሩን እየጎተተ። «የሚራመድ መብራት።»

«የሚያበራ ብስባሽ ነው የምትለኝ? ይኸው!» በእግራቸው አንድ ጉማጅ ገፉለት። «ክረምት በመጣ ቁጥር ጫካው ሙሉ ነው። ያደግነው በሱ ነው። የሚራመደውን ደግሞ ትል በለው፣ ጅብ በለው፣ እኔ ምን አውቄ! የሳልኩትም እኔ ነኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል።» ብለውም ሳሉ። የሕፃን ሳል ግን አልመሰለም።

ሻምበሉ አሮጊቷን አየ፣ ጠናን አየ፣ ሳህሉን አየ። የእግሩ የቆጮ ሽታ ለጦሩ ሁሉ ደርሷል፤ ከኋላ አንዱ ሳቁን ለማፈን ይታገላል።

«ተመለስ» አለ።

ወደ ሆሳዕና ሲመለሱ በዋዙ ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ብዙ መንገድ ሄደው ሻምበሉ ተናገረ።

«አንዲት ባትሪ ብልጭ ብትል ሠላሳ ሰው የታወረበት ነገር! ግንባር ላይ እኮ ሰማዩ በመብራት ጥይት ቀን ይሆናል። አይጠቅምም ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ልክ ነዎት ጓድ ሻምበል።»

«አዲስ አበባም ቀረች።»

«ቀረች።»

መኪናዋ ጭቃውን ታግላ ወጣች።

«ባትሪዋ ስትወድቅ» አለ ሻምበሉ መንገዱን እያየ፣ «ፊትህን አብርታው አለፈች። አንድ ዐይንህን ጨፍነህ ነበር። ማንን ነበር የጠቀስከው?»

ሳህሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ።

«የምጽዋዋን ጀልባ» አለ ሻምበሉ፣ «ሲነጋ ሄደን አየናት። መረብ ነበር የጫነችው። ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ አንደኛው ልጁን ይዞ ነበር የወጣው።» ሆሳዕና ገብተው ሲለያዩ፣ የቆሸሸ ቦቲውን እያየ፣ «ጓድ መምህር፣ ሁለተኛ ደብዳቤ እንዳትጽፍ» አለው።

ሳህሉ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሞርሲቶ ደረሰ። ገነቴ ደጃፍ ላይ ልጇን ታጥባለች። ቀና ብላ አየችው፤ ዐይኗ አብጧል።

«ስብሰባው እንዴት ነበር?» አለችው።

«ፍቂያውስ?»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ያመለጣት ግን እንባ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህን እኮ ሰማሁት፤ ልትገድለን ነበር!»

«አውቃለሁ» አለ ሳህሉ። «አውቃለሁ ገነቴ። ምነው ግን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ደብዳቤ ትጽፍበት ነበራ!»

ሳህሉ የልጁን ቆብ ከገመዱ ላይ አወረደ። ስንጣሪዋ አሁንም ተሰክታለች፤ በቀን ብርሃን ያየ ሰው ለማገዶ እንኳ የማይፈልጋት ብስባሽ ናት። ነቀላትና ተቀመጠ።

«ልጅቷ ራስ ላይ አይሆንም። ትዘላለች፤ ከማዶ ነው የለየኋት። ብርሃን ከወገብ በታች መሆን አለበት፣ ወደ ኋላ ብቻ የሚታይ። ባትሪ ብልጭ ካለባችሁ ደግሞ አንድ ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ለሁሉም ንገሪያቸው። እንጨቱም እንዳይደርቅ በርጥብ ኮባ ይጠቀለል፤ ከደረቀ ይሞታል።»

ገነቴ ልጇን እንዳቀፈች ቆማ አየችው። ሳህሉ ቢላዋውን አንሥቶ ከጓሮ ያመጣውን የዋንዛ ጉማጅ ይሰነጥቅ ጀመር። እየሰነጠቀ በኮባ ላይ ይደረድራል፣ ውሃ ያርከፈክፍበታል። ስንት ናችሁ ብሎ አልጠየቃትም፤ ቆጥሯቸዋል። ሲጨርስ ገነቴ ጎንበስ ብላ በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

አሥራ ሁለት ነበሩ፤ የመጨረሻዋን ሳህሉ ከገዛ ቀበቶው ጀርባ ሰካት።